ለእህቴ፦ ማሽኑን ከመግዛትሽ በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሚሚዬ፤

  

በስልክ የጀመርነውን ነገር በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው። በስልክ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ልጆቹ በመሃል ይገቡና ወሬው ሌላ ይሆናል። ይሄን ግን ጠዋት ከሥራ ገብተሽ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ፣ ሻይሽን ይዘሽ ቀስ እያልሽ ታነቢዋለሽ።

እቁቡ ወጣልሽ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። በእሱ ገንዘብ ሲገባበት መጠጥና ቺፕስ የሚያወጣውን ቬንዲንግ ማሽን፣ አምስት በአንድ ጊዜ ልገዛ ነው አልሽኝ። «ተኝቼ የሚገባ ገንዘብ ነው» ያልሽው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ከየት እንዳመጣሽው አውቃለሁ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ወጣት የማሽኑን በር ከፍቶ ባለ አንድ ዶላሩን በእፍኝ እያወጣ ሲቆጥር አይተሻል። ገንዘቡን ሲያወጣ አሳየሽ እንጂ ያንን ሁሉ ውሃ በካርቶን ተሸክሞ ሲያስገባ አላሳየሽም። ደግሞ ልብ ብለሽ ካየሽው ዋናው ገቢው ከማሽኑ ሳይሆን ከቪዲዮው መጨረሻ ላይ ከሚሸጠው ትምህርት ነው።

አትግዢ ልልሽ አይደለም። እኔ ለዓመታት የሰው ማሽን ስሞላ ኖሬ ዛሬ የራሴን እየሞላሁ ነው፤ ሥራውን እወደዋለሁ። አንቺም ታውቂበታለሽ ብዬ አምናለሁ፣ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ። የምጨቃጨቅሽ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አንቺ ማሽኑን ገዝተሽ ቦታ ልትፈልጊ ነው። ቦታው ይቅደም። ቦታ ሳይኖር የተገዛ ማሽን ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጥ 300 ኪሎ ብረት ነው፤ ማከማቻ ተከራይተሽ ካስቀመጥሽውም በየወሩ የሚያስከፍልሽ ብረት ነው።

እስቲ ወረቀት አውጪና አብረን እናስላ። አንድ ጣሳ ኮካ በጅምላ ስትገዢ 60 ሳንቲም ወጣብሽ እንበል። በ1 ዶላር ከ50 ሸጥሽው። 90 ሳንቲም አተረፍኩ ትያለሽ። ቆይ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚከፍለው በካርድ ነው፤ የካርድ ሪደሩ ድርጅት ከሽያጩ 6 በመቶ ገደማ ወሰደ እንበል፣ 9 ሳንቲም ሄደ። ቦታውን የሰጠሽ ሰው ኮሚሽን ጠይቆ በ10 በመቶ ከተስማማችሁ ሌላ 15 ሳንቲም። እጅሽ ላይ የቀረው 66 ሳንቲም ነው።

ይሄን ማሽን በቀን 10 ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ አስቀምጪው። በቀን 6 ዶላር ከ60፣ በወር 198 ዶላር ይሆናል። የካርድ ሪደሩን ወርሃዊ ክፍያ 10 ዶላር ብለን ስንቀንስ 188። ታድሶ የተሸጠ ማሽን ከነካርድ ሪደሩና ከነማጓጓዣው 3,000 ዶላር ፈጀ ብንል፣ በ16 ወር ገንዘብሽን መለስሽ። አሁን ያንኑ ማሽን ከነኮካው በቀን 3 ዕቃ ብቻ ወደሚሸጥበት ቦታ ውሰጂው። በወር 59 ዶላር ከ40፣ ካርድ ሪደሩ ድርሻውን ሲወስድ 49 ከ40። ሦስቱን ሺህ ለመመለስ አምስት ዓመት! ታክሱን፣ ቤንዚኑን፣ ቀኑ አልፎ የሚጣለውን ገና አላስገባሁትም። በአንዱ ነግደሻል፣ በሌላው ለማታውቂው ሰው ቀዝቃዛ ውሃ በነጻ እያመላለስሽ ነው። ልዩነቱ ማሽኑ የቆመበት ወለል ብቻ ነው።

ስለዚህ አንቺ የጠቀስሽልኝን ቦታዎች አንድ በአንድ አስቤባቸዋለሁ።

ፌዴራል ሕንፃ ላይ በጥበቃ የሚሠራው ጓደኛሽ ያስገባኛል ያልሽውን እርሺው። ልጁ ዋሽቶሽ አይደለም፣ ስለማያውቅ ነው። በፌዴራል መንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ በመሸጥ ረገድ ማየት ለተሳናቸው ነጋዴዎች ቅድሚያ የሚሰጥ ሕግ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ራንዶልፍ ሼፐርድ ይባላል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ብዙ ዓይነ ስውራን በእሱ ቤተሰብ አስተዳድረዋል። እኛ ባለንበት አካባቢ ደግሞ ከሁለት ሕንፃ አንዱ የመንግሥት ስለሚመስል መጀመሪያ ይሄን ማወቁ ብዙ ምልልስ ያስቀርልሻል።

የምትሠሪበት የአረጋውያን መጦሪያ ሰው አያጣም፤ ግን እንዲህ ያለው ትልቅ ቤት ብዙውን ጊዜ ከትልቅ ድርጅት ጋር ውል አለው። አለቃሽን ጠይቂያት፣ መጠየቅ አያስከፍልም። ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ካወቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የልብስ ማጠቢያው ቤት ደህና ነው፤ ሰው ልብሱ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ ልጅ ይዞ ይመጣል፣ ልጅ ደግሞ መስታወት ውስጥ ያለ ነገር ሲያይ ዝም አይልም። ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ጠባቂ ከሌለው ማሽኑ መመታቱ አይቀርም።

እኔን የማረከኝ ያ ስፕሪንግፊልድ ያለው የአበሻ ጋራዥ ነው። ከጎኑ የመኪና አካል ቀጥቃጮች አሉ፣ ከኋላው መጋዘን አለ ብለሽኛል። መካኒክ ዘይት የነካ እጁን ታጥቦ፣ መኪና አስነስቶ ሱቅ ለመሄድ ጊዜ የለውም። መኪናውን የሚያሠራው ደንበኛም ተቀምጦ ይጠብቃል። ነገር ግን «ብዙ ሰው አለ» የሚለውን የባለቤቱን ቃል አትውሰጂ። ባለቤት ሁሉ ቤቱ ብዙ ሰው ያለበት ይመስለዋል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሄደሽ መኪናሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ቁጠሪ። ስንት ሠራተኛ አለ? መንገዱን ተሻግሮ ነዳጅ ማደያ አለ ወይ? ካለ ሰዉ እዚያ ሄዶ ነው የሚገዛው። ነጻ ቡናና ውሃ ያስቀምጣሉ ወይ? ቅዳሜ ይሠራሉ? ቆሻሻ መጣያውንም እይው፤ ባዶ የኢነርጂ ድሪንክ ጣሳ የሞላበት ከሆነ ምን እንደምትጭኚ ነግሮሻል።

ባለቤቱ እሺ ካለሽ፣ አበሻ ስለሆነ ብቻ በቃል አትተይው። ይልቅ አበሻ ስለሆነ ይጻፍ፤ በኋላ እንዳትቀያየሙ። አንድ ገጽ ይበቃል። ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ አንዳችሁ መተው ብትፈልጉ ስንት ቀን አስቀድማችሁ እንደምትነጋገሩ፣ መብራቱን ማን እንደሚከፍል፣ ኮሚሽን ካለ ከጠቅላላ ሽያጩ ይሁን ከትርፉ፣ ሌላ ሰው ማሽን ማስገባት ይችል እንደሆነ፣ ጋራዡን ቢሸጠው ማሽኑ ያንቺ ንብረት መሆኑ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የኢንሹራንስ ወረቀት ይጠይቁሻል፤ እሱንም ቀድመሽ ዋጋውን አጣሪ። ኮሚሽን እሱ ካላነሳ አንቺ አታንሺ።

ቦታው ሲያዝ ማሽን ፍለጋ እንውጣ። እንውጣ ያልኩት አውቄ ነው፣ ብቻሽን አትሂጂ። ያገለገለ ይሁን፣ ግን አስነስቶ የሚያሳይሽና ቁልፉን ከነሽያጭ ወረቀቱ የሚሰጥሽ ሰው ጋ። በላዩ የለስላሳ ድርጅት የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ማሽን ካየሽ ወረቀቱን ጠይቂ፤ እነዚህ ድርጅቶች ማሽናቸውን ለየሱቁ ያውሳሉ፣ የተዋሰውን የሚሸጥ ሰው ደግሞ አይጠፋም። ሳንቲም መቀበያውንና የወረቀት ገንዘብ መቀበያውን በራስሽ ዶላር ሞክሪ፤ የተጨማደደ ዶላርም ስጪው፣ የመካኒክ ኪስ ውስጥ ያለው እንደሱ ነው። ኤምዲቢ የሚባለው የመገናኛ ሥርዓት እንዳለው ጠይቂ። እሱ ከሌለው ካርድ ሪደር አይገጠምለትም፣ ካርድ የማይቀበል ማሽን ደግሞ ዛሬ ግማሽ ሰው ያልፈዋል። ካርድ ሪደሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ምን እንደተሸጠ ስልክሽ ላይ ታያለሽ፣ ያለቀውን ብቻ ጭነሽ ትሄጃለሽ።

መስታወት ያለውን የቺፕስ ማሽን ከሆነ የምትገዢው፣ ታች መውደቂያው ላይ ዕቃው መውረዱን የሚያይ ሴንሰር እንዳለው አረጋግጪ። ጠመዝማዛው ሽቦ ዞሮ ቺፕሱ ተንጠልጥሎ ከቀረ ሴንሰሩ አንዴ ደግሞ ያዞረዋል፣ ካልሆነም ገንዘቡን ይመልሳል። ሴንሰር የሌለው ማሽን የተንጠለጠለችዋን ቺፕስ እያሳየ ገንዘቡን ይውጣል፤ ሰውየው ማሽኑን ይዞ ይነቀንቃል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ማሽን ወድቆበት የሞተ ሰው አለ። ለዚህ ነው በየማሽኑ ላይ የማስጠንቀቂያው ሥዕል የተለጠፈው። ስታጓጉዢውም ሰው በሊፍትጌትና በፓሌት ጃክ ያምጣልሽ፤ የአክስታችንን ልጆች ምሳ እጋብዛችኋለሁ ብለሽ ደረጃ ላይ እንዳታሸክሚያቸው። የበሩን ስፋት ለኪ። ማቀዝቀዣ ያለው ከሆነ ከተጓጓዘ በኋላ ቆሞ ይረፍ፣ ወዲያው አትሰኪው። ገመዱ ግድግዳው ላይ ይሰካ እንጂ በማራዘሚያ አይሁን።

ታሪክ እንደምወድ ታውቂያለሽ፤ አንዲት ጨዋታ ልጨምርልሽ። የመጀመሪያው የሽያጭ ማሽን የተገለጸው በእስክንድርያ ነው፣ የአንቺይቱ የቨርጂኒያዋ ሳትሆን የግብጿ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሄሮን የተባለ ሊቅ፣ በቤተ መቅደስ ደጅ የሚቆም፣ ሳንቲም ሲገባበት የተቀደሰ ውሃ የሚያፈስ ዕቃ በጽሑፉ አስቀምጧል። ሳንቲሙ ሳህን ላይ ይወድቃል፣ ሳህኑ ሲያዘነብል ቀዳዳው ይከፈታል፣ ሳንቲሙ ተንሸራቶ ሲወርድ ውሃው ይቆማል። ሳንቲሙ ሳህኑ ላይ ሳይወድቅ ጥግ ይዞ ቢቀርበትስ፣ ምእመኑ ለማን ይናገር ነበር እላለሁ ሁልጊዜ። ለካህኑ ይሆናል። አንቺ ግን ስልክ ቁጥርሽን በትልቁ ጽፈሽ ማሽኑ ላይ ለጥፊ። «ዶላሬን በላብኝ» ብሎ የደወለ ሰው ካለ አትከራከሪው፣ ያኔውኑ ገንዘቡን በዜል ላኪለት። ሊዋሽሽ ይችላል፤ ይዋሽ። በ2 ዶላር ማሽንሽን የማይመታ ሰው ገዛሽ።

አሁን ታውቂበታለሽ ወዳልኩት ልምጣ። የእማዬን ሱቅ አስቢው፣ የደብረ ብርሃኑን። እማዬ ማን ደሞዝ ሲቀበል ዘይት እንደሚወስድ፣ ማን በዱቤ እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ልጅ ከረሜላ አይቶ እንደሚያለቅስ ታውቅ ነበር፤ ሱቁን ሱቅ ያደረገው ያ ነው። ይሄ ማሽን ባለሱቅ የሌለው ሱቅ ነው። ዓይን የለውም፣ ማን ምን እንደተመኘ አያይም። ባለሱቋ አንቺ ነሽ፣ በሳምንት አንዴም ብትሄጂ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው የሚወደውን ምግብ የምትይዢ አንቺ ነሽ፤ መጦሪያው ውስጥ ካሉት አዛውንት ማን ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ እንኳ ታውቂ የለ? ይሄ በትምህርት አይገኝም።

ለምሳሌ ያ ጋራዥ ውስጥ ግማሹ የኛ ሰው ነው ብለሽኛል። ሌላው ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ዕቃ ይሞላል። አንቺ ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት ያለበት ቸኮሌት 55 ቀን እንደማይነካ ታውቂያለሽ። ኦቾሎኒና ጨው ብቻ ያለበት ቺፕስ አስገቢ፤ አይብና ሳወር ክሪም ያለበትን ቀንሺ፣ ጀርባውን አንብቢ፣ ብዙዎቹ ውስጥ የወተት ዱቄት አለ። ሙስሊሞቹ ልጆች ደግሞ ጄላቲን ያለበትን ከረሜላ አይገዙም። በረመዳን ቀን ቀን ሽያጩ ይወርዳል፤ ማታ ድረስ የሚሠሩ ከሆነ ግን ለማፍጠሪያ ውሃና ጁስ አይጥፋ። ይሄን ትልቁ ድርጅት ከቢሮው ሆኖ አያየውም።

ሌላው ሁሉ ጥቃቅን ነው። አዲሱን ዕቃ ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት አድርጊ፣ ቺፕስ ቀኑ ቶሎ ያልፋል። ማቀዝቀዣ በሌለው ማሽንና ሙቀት ባለበት ጋራዥ ቸኮሌት በሐምሌ አታስገቢ። ጣሳ በክረምት ውጭ ከተቀመጠ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል። የማይሸጥ ነገር ካየሽ አታዝኚለት፣ አውጪውና በቦታው የሚሸጠውን ሁለት ረድፍ አድርጊው። አንቺ የማትወጂው መጠጥ ይሆናል በብዛት የሚሸጠው። እኔ ማውንቴን ዲው እንዴት እንደሚጠጣ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ግን በየሳምንቱ እሸከመዋለሁ።

የወረቀቱ ሥራ እንደምትፈሪው አይደለም። በቨርጂኒያ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ለመክፈት 100 ዶላር ነው፣ ከዚያ በየዓመቱ 50። የግብር መለያ ቁጥሩን የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ በነጻ ነው የሚሰጥሽ፤ ለዚህ የሚያስከፍል ድረ ገጽ ካየሽ ዝጊው። የሽያጭ ታክሱ በቨርጂኒያ ለቬንዲንግ የራሱ ምዝገባ አለው፣ ከተማው ወይም ካውንቲው ደግሞ የንግድ ፈቃዱን ይጠይቅሻል። የሒሳብ ሠራተኛ ጋ አንድ ጊዜ አብረን እንሄዳለን። ካሎሪ መለጠፍ ግዴታ ነው ብሎ ያስፈራራሽ ሰው ያወራው 20 እና ከዚያ በላይ ማሽን ስላላቸው ነው፤ እዚያ ስትደርሺ እንነጋገራለን።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ «አምስት ማሽን ግዙ፣ ቦታውን እኛ እናገኛለን፣ ገቢው ይሄን ያህል ነው» ያለሽ ሰውዬ። በዚህ መንገድ ገንዘቡን ያጣ የአገራችንን ሰው በቅርብ አውቃለሁ። ማሽኖቹ በእርግጥ መጡ፤ አንዱ የቆመው ሊዘጋ ወር የቀረው የፀጉር ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ አገር አዲስ ስላልሆነ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ አለው፤ አሁን ባለበት መልኩ ከመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ቦታ አገኝልሻለሁ ብሎ እንዲህ ያለ ንግድ የሚሸጥ ሰው ከመፈረምሽም ገንዘብ ከመክፈልሽም ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ አንድ ገጽ የጽሑፍ መግለጫ ሊሰጥሽ ግድ ነው፤ ማንነቱን፣ ክስ ካለበት፣ ስለ ገቢ የሚናገር ከሆነም ማስረጃውን፣ ከእሱ የገዙ ሰዎችንም ጨምሮ። ጠይቂው። «ዛሬ ካልፈረምሽ ዋጋው ይጨምራል» ካለሽ መልሱን ሰጥቶሻል። ቅር ይለዋል ብለሽ አትጨነቂ፣ ያንቺ ይሉኝታ ነው የሚያስፈራኝ።

አንድ ማሽን ብቻ ግዢ፣ ሚሚዬ። ከእቁቡ 3,000ውን ለእሱ፣ ለመጀመሪያው ሸቀጥና ለሳንቲም መለወጫው የተወሰነ፣ ለጥገና ደግሞ ጥቂት ለብቻ። የቀረውን አትንኪው። ስድስት ወር አብረሽው ኑሪ፤ መቼ እንደሚያልቅበት፣ ምን እንደሚበላሽ፣ ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እይ። ከዚያ ሁለተኛውን የሚገዛልሽ የመጀመሪያው ይሁን። አዝጋሚ መሆኑ ይታወቀኛል። ዩቲዩብ ላይ ማንም አያሳየውም።

ደግሞ እንቅልፍሽ። ሌሊት ሠርተሽ ጠዋት ልጆቹን አውቶቡስ ላይ አሳፍረሽ በቀጥታ ዕቃ ልትገዢ ወደ ኮስትኮ ልትነጂ ነው? መንገድ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ሆነሽ አላይሽም። ለማሽኑ የሚሆን ቀን ከዕረፍት ቀኖችሽ አንዱን ምረጪ፤ እሱ ካልተገኘ ሥራው ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ገንዘቡ ባንክ ይቆይ። ማሽኑ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ነው፣ አትዘኚለት፤ የሚያሳዝነው አንቺ ስትደክሚ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ የራሴን ልሞላ ስወጣ እመጣና ልውሰድሽ። ዝቅ ያለ ጫማ አድርጊ፣ ጓንት እኔ አለኝ። ልጆቹን ባለቤቴ ትይዝልሻለች፣ ተስማምተናል። ከዚያ በፊት የጋራዡን አድራሻ በቴክስት ላኪልኝ፤ ነገ በዚያ በኩል ዕቃ አደርሳለሁና ምሳ ሰዓት ላይ ቆም ብዬ አየዋለሁ። ሆቴል አዳራሽ ስብሰባ የጠራውን ሰውዬ ስልክም ላኪልኝ፣ ያንን አንድ ገጽ ወረቀት እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣
ጋሼ